ጧሪ ለሌለው ጎረቤት ድጋፍ ማስገኘት፦ ከቅሬ እስከ ወረዳ

ይህ መመሪያ የተጻፈው በወሎ ገጠር ወይም ከተማ እየኖረ፣ አጠገቡ ያለ ጧሪ የሌለው አረጋዊ፣ አሳዳጊ ያጣ ሕፃን፣ ከቤት የማይወጣ አካል ጉዳተኛ ወይም ሕመም የጣለው አባወራ እያየ «ለማን ይነገራል? በየት በኩል ይኬዳል?» ለሚል ሰው ነው። ድጋፍ የሚገኝበት ቦታ ጥቂት አይደለም፤ ቅሬው፣ ማለትም የወሎው ዕድር፣ አለ፣ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ አሉ፣ ቀበሌው፣ ጤና ጣቢያው፣ የወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ ፍርድ ቤቱም አለ። ይሁን እንጂ ሁሉም የሚሰጡት መጥቶ ለጠየቃቸው ነው፤ እጅግ የተቸገረው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ የሚጠይቅበት እግርም ጉልበትም የለውም። ስለዚህ ከዚህ በታች የሚነገረው በዋናነት በተቸገረው ሰው ስም ለሚቆም፣ ስሙን በጉባኤ ለሚጠራ ጎረቤት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በምኖርበት ቀበሌ የማኅበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረት ጸሐፊ ሆኜ ሳገለግል፣ የሴፍቲኔት፣ ማለትም የመንግሥት መደበኛ ድጋፍ፣ ዝርዝር በሕዝብ ፊት በተነበበበት ቀን ከጋራው ማዶ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት እናት ስማቸው አልተነሣም። እኔ ሌላ ሰው ያነሣዋል ብዬ ዝም አልሁ፤ ሌላውም «ጸሐፊው እያለ እኔ ምን አገባኝ» ብሎ ዝም አለ። ዝርዝሩ ጸደቀ፣ ወደ ወረዳ ተላከ፣ እማማም ያን ዓመት ከጎረቤት በሚላክላቸው ቆሎና እንጀራ አሳለፉ። ማንም ሊጎዳቸው አልፈለገም፤ ስም ጠሪ ግን አልነበራቸውም።

ከቤታቸው መጀመር

ጉዳዩ ወደ ቀበሌ ከመሄዱ በፊት ባለጉዳዩ ዘንድ መቀመጥ ያስፈልጋል። የወሎ ሰው ችግሩን በሰው ፊት አያወጣም፤ «አልሐምዱሊላህ» ወይም «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፈዋል፤ ቡና አፍልቶ ያለውን የመጨረሻ ቆሎ ያቀርባል እንጂ ዛሬ ምሳ አልበላሁም አይልም። ስለዚህ ጥያቄው በሕዝብ መካከል ወይም በመንገድ ላይ መቅረብ የለበትም፤ ሰው በሌለበት፣ ረጋ ብሎ፣ «እማማ፣ አብሽሩ፣ የመጣሁት ለምርመራ አይደለም፤ ስምዎን ላስመዘግብ ብፈልግ ይፈቅዱልኛል?» ተብሎ ነው የሚቀርበው። አይሆንም ካሉ አይሆንም ነው፤ ሌላ ቀን ተመልሶ መጠየቅ ይቻላል እንጂ ሳይፈቅዱ ስማቸውን በድሆች ዝርዝር ላይ ማስፈር አይገባም።

ከፈቀዱ፣ በአንድ የደብተር ገጽ ላይ የሚከተለው ይጻፍ፦ በቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖርና ዕድሜያቸው፣ ሥራ መሥራት የሚችል ሰው መኖር አለመኖሩ፣ መሬትና ከብት ካለ ማን እንደሚያርሰውና እንደሚጠብቀው፣ በዓመት ውስጥ እህል የሚያልቅበት ወር፣ ያለ ዕዳ፣ ሕመምና የሚወሰድ መድኃኒት። የመጨረሻው መስመር በወሎ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ እሱም ውጭ አገር ያለ ልጅ ነው። ከሐብሩ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬም ሆነ ከቃሉ ወደ ዓረብ አገር የሄደ ልጅ የሌለበት ሰፈር አይገኝም፤ ኮሚቴውም የአንዲት እናት ስም ሲነሣ ቀድሞ የሚናገረው «ልጇ ሳዑዲ አይደለችም እንዴ?» የሚለውን ነው። ልጅ መኖሩ ብቻውን ጧሪ አለ ማለት አይደለም፤ ልጅቷ ገና የደላላ ዕዳዋን እየከፈለች፣ ደመወዟ ተይዞባት ወይም ድምፅዋ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ገንዘብ መጨረሻ የተላከው መቼና ስንት እንደሆነ፣ በማን ሒሳብ እንደገባ አስቀድሞ ተጠይቆ መጻፍ አለበት። በጉባኤ ላይ ይህ ጥያቄ ሲነሣ «ከሁለት ዓመት ወዲህ ምንም አልተላከም፤ ይህንም ጎረቤቶቿ እነ እገሌ ያውቃሉ» ብሎ መመለስና «እኔንጃ» ብሎ መመለስ የተለያየ ውጤት አላቸው።

ቅሬው

በወሎ ሰው ሲቸገር ቀድሞ የሚያውቀው ቅሬው ነው። ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ዓይነት ማኅበር ቢሆንም፣ ሥራው ከቀብር ይሰፋል፤ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድ ያቀፈ፣ የራሱ ዳኛ ያለው፣ የታመመን ሰው አዝመራ የሚያሳጭድ፣ ቤቱ የተቃጠለበትን የሚያስጠልል፣ ደንብ የጣሰውን የሚቀጣ ነው። ለዚህ ጉዳይ ደግሞ ቅሬው ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛው የራሱ ድጋፍ ሲሆን፣ ሁለተኛውና ብዙ ሰው የማያስበው ምስክርነቱ ነው። የቅሬው ዳኛና ሁለት ሽማግሌዎች «ይህች ሴት ጧሪ የላትም፣ እህሏም ሚያዝያ ሳይደርስ ያልቃል» ብለው በጽሑፍ ቢፈርሙላት፣ የቀበሌው ኮሚቴ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስቀድሞ መጣራት አለበት። እጅግ የተቸገረው ሰው መዋጮ ባለመክፈሉ ወይም እንጨትና ውኃ ማድረስ ባለመቻሉ ከቅሬው መዝገብ ተሰርዞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ሥራ ወደ ቀበሌ መሄድ ሳይሆን የቅሬውን ዳኛ ዘንድ ሄዶ፣ ውዝፉ እንዲማርለትና ስሙ እንዲመለስ መለመን ነው። በጉባኤ ከመቅረቡ በፊት ከዳኛው ጋር በግል መነጋገር ይሻላል፤ ሰውየው በብዙ ሰው ፊት ስለ ውዝፍ እንዲናገር ማድረግ ከመሰረዙ የበለጠ ያሳፍረዋል።

መስጊድና ቤተ ክርስቲያንም የየራሳቸው ሥርዓት አላቸው። ዘካ ከምጽዋት የተለየ ግዴታ ነው፤ በዝናብ ከበቀለ እህል ዐሥር በመቶ፣ በመስኖ ከለማ አምስት በመቶ፣ ከተጠራቀመ ገንዘብ 2.5 በመቶ ሲሆን፣ ከስምንቱ የዘካ ተቀባዮች መካከል ቀዳሚዎቹ ድሆችና ምስኪኖች ናቸው። ስለዚህ እህል በሚገባበት ወቅት ለሰፈሩ ኢማም ወይም ሸህ ስም ማስታወስ ይገባል። በክርስቲያኑ በኩል ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር፣ በአጥቢያው ደግሞ ሰበካ ጉባኤው አሉ። የነዚህ ሁሉ ድክመት አንዱ የሚያደርገውን ሌላው አለማወቁ ነው፤ በአንድ ወር ሦስት ጊዜ ዱቄት የደረሳት ሴት አጠገብ አንድም ጊዜ ያልደረሳት ትኖራለች። የማኅበረሰብ ድጋፍና ክብካቤ ጥምረት በቀበሌ ደረጃ የተቋቋመው ይህን ለማቀናጀት ስለሆነ፣ በቀበሌው ጥምረት ካለና የሚሠራ ከሆነ፣ ከቅሬው የተጻፈው ምስክርነት አንድ ቅጂ ለእሱ መሰጠት አለበት። የሚሠራ ከሆነ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ጥምረት ብዙ ነው።

ወረቀቱ

ቀጥሎ መታወቂያ። የቀበሌ መታወቂያው ያላለፈበት መሆኑ ይታይ፤ ስሙ በመታወቂያው፣ በመሬት ደብተሩና በጤና መድኅን ደብተሩ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑም ይመሳከር፤ «ዘሐራ» እና «ዛህራ» ተብሎ በሁለት መንገድ የተጻፈ ስም በክፍያ ቀን ብዙ ሴቶችን ባዶ እጃቸውን መልሷል። ባንኮች አሁን የፋይዳ ቁጥር ስለሚጠይቁ፣ ምዝገባው ነፃ መሆኑን ነግሮ መውሰድ ጥሩ ነው። ለወላጅ አልባ ሕፃን የልደት፣ ባሏ ለሞተባት ሴት ደግሞ የሞት ምዝገባ ያስፈልጋል፤ ልደት በ90 ቀን፣ ሞት በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌ መመዝገብ ሲኖርበት፣ ጊዜው ያለፈበትም ቢሆን ይመዘገባል እንጂ አይቀርም። ሟቹ ደመወዝተኛ ከነበረና የጡረታ መዋጮ ሲከፍል ከነበረ፣ ሚስት የሟቹን አበል 50 በመቶ፣ ልጅ ደግሞ 20 በመቶ የማግኘት መብት ስላላቸው፣ የሞት ምስክር ወረቀቱ ለዚህም ያገለግላል። ከኮምቦልቻ ፋብሪካዎች ጡረታ መዋጮ ሲቆረጥበት ኖሮ የሞተ ሠራተኛ መበለት ይህን ሳታውቅ ዓመታት ልታሳልፍ ትችላለች።

የሴፍቲኔት ዝርዝር

በገጠር ትልቁ መደበኛ ድጋፍ በምርታማ ሴፍቲኔት በኩል የሚሰጠው ነው። የአገራችን አረጋውያን ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረኀብ የተነሣ እርዳታ ማለት ድርቅ ሲመጣ በመኪና የሚራገፍ ስንዴ ነው ብለው ያስባሉ፤ የእርዳታ ማስተባበሪያ ኮሚሽን የተቋቋመው ራሱ በዚያው በወሎው ረኀብ ሰበብ በ1966 ዓ.ም. ነበር። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት ግን የተለየ አሠራር አለው፤ በየዓመቱ የሚራብ መሆኑ የታወቀ ቤተሰብ ረኀቡ ሳይጠበቅ፣ ወሩ በታወቀ ክፍያ እንዲደገፍ የታሰበ ነው። ስለዚህ «ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው፣ እርዳታ አይመጣም» ብሎ መቅረት ስሕተት ነው።

ፕሮግራሙ ሰዎችን በሁለት መንገድ ይይዛል። ሥራ መሥራት የሚችል ሰው ያለበት ቤት በማኅበረሰብ ሥራ፣ ማለትም በእርከን፣ በክትር፣ በመንገድ ጥገና፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ሒሳብ ይሠራል፤ ሥራው ባመዛኙ ከጥር እስከ ሰኔ ሲሆን ክፍያውም ለስድስት ወር ነው። ሠራተኛ የሌለው ቤት፣ ማለትም የአረጋዊው፣ የአካል ጉዳተኛውና የጽኑ ሕመምተኛው፣ በቋሚ ቀጥታ ድጋፍ ተይዞ ምንም ሳይሠራ የ12 ወር ክፍያ ያገኛል። ይህ ልዩነት በጥንቃቄ መታየት አለበት። ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሰው «ትንሽ ድንጋይ ያቀብሉ» ተብሎ በማኅበረሰብ ሥራ ውስጥ ማስገባት ስድስት ወር ክፍያቸውን ያስቀርባቸዋል፤ ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ስማቸው መኖሩን ብቻ ሳይሆን በየትኛው ዓምድ እንዳለ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴትም ከሥራው ለጊዜው ወጥታ ክፍያዋ ይቀጥላል፤ ለዚህ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ማረጋገጫ ያሻል።

አመዛዘኑ እንዲህ ነው፦ ቤተሰቡ ባለፉት ሦስት ዓመታት በየዓመቱ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ እህል ያጠረው መሆን አለበት። እዚህ ላይ ነው በመጀመሪያ የተጻፈው «እህል የሚያልቅበት ወር» የሚያገለግለው። የወሎ ደጋ አንድ ወቅት ብቻ የለውም፤ በደላንታ፣ በጊዳን፣ በመቄት፣ በለጋምቦ ብዙ ቀበሌዎች በልግ የሚያበቅሉ ሲሆኑ፣ በልግ የቀረበት ዓመት በሰኔ መሰብሰብ የነበረበት ገብስ ስለሚቀር ረኀቡ እስከ መኸር ይዘልቃል። የቆላው ሰው ግን በሌላ ወር ይቸገራል። የበልግ አገር ሰው «መኸሩ ደርሷል እኮ» ለሚል ኮሚቴ ይህን በወር ከፍሎ ማስረዳት ይችላል።

ጉባኤው ራሱ እንዴት እንደሚካሄድ ማወቅ ደግሞ ግማሽ ሥራ ነው። በመንደር ደረጃ የተመረጠ ኮሚቴ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ዝርዝሩ ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ይቀርባል፤ ከዚያ በፊት ወይም በኋላ በሕዝብ ፊት ተነብቦ አስተያየት ይሰጥበታል፤ ቀጥሎ በይፋ ይለጠፋል፤ መጨረሻ ላይ ወረዳ ያጸድቀዋል። ስም ለማስገባት ቀላሉ ጊዜ ዝርዝሩ ገና በመንደር እያለ ነው፤ በሕዝብ ፊት ሲነበብም ይቻላል፤ ከተለጠፈ በኋላ በአቤቱታ ብቻ፤ ወረዳ ካጸደቀው ወዲያ ግን እጅግ ከባድ ነው። ስለዚህ የልማት ሠራተኛውን ወይም የቀበሌውን ሥራ አስኪያጅ ከመኸር ማብቂያ አስቀድሞ «የዘንድሮው ክለሳ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅና ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። ጉባኤው በቀብር ቀን ወይም በገበያ ቀን ከዋለ እንዲለወጥ መጠየቅ ይገባል፤ በዚያ ቀን የሚገኙት የጎበዞቹ ወገኖች ብቻ ናቸውና። በጉባኤው ላይ ባለጉዳዩን ተሸክሞ መውሰድ አያስፈልግም፤ የቅሬው ወረቀት በእጅ ይዞ ተነሥቶ መናገር ይበቃል።

ኮታ መኖሩንም ማወቅ ይገባል። ቀበሌው የተሰጠው ቁጥር ውስን ነው፤ ስለዚህ አንድ ስም ሲገባ አንድ ስም ይወጣል፤ ኮሚቴውም ብዙ ጊዜ ክፋት ሳይሆን ቁጥር ይዞት ነው የሚከለክለው። ይህን እያወቁ «እነ እገሌ ለምን ገቡ» ብሎ መከራከር ጎረቤት ያጣላል፤ የራስን ባለጉዳይ ሁኔታ በማስረጃ ማቅረብ ይሻላል።

በከተማ

የከተማ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በመጀመሪያዎቹ 11 የአገሪቱ ከተሞች ሲጀመር ደሴ አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ በዚያ አሠራሩ የቆየ ነው። እዚህም በሥራ የሚታቀፍና በቀጥታ የሚደገፍ አለ፤ ልዩነቱ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይ የሆነ ድሃ በየጊዜው ሰፈር ስለሚለዋውጥ ስሙ በየትኛውም ቀበሌ አለመቆየቱ ነው። አከራዩ ለመታወቂያ ፈቃድ አልሰጥም ቢል እንኳ፣ በሰፈሩ ዕድር ወይም ቅሬ በኩል የነዋሪነት ምስክር ማቅረብ አንዱ መፍትሔ ነው። ተፈናቃዮች፣ ለምሳሌ በሐብሩ በጃራ የተጠለሉት፣ በሌላ መዝገብ፣ በአደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና በኩል ስለሚያዙ የድጋፍ ጥያቄያቸው የሚቀርበው በዚያ በኩል ነው፤ የጤናና የትምህርት አገልግሎት ግን እንደማንኛውም ነዋሪ ሊጠየቅላቸው ይገባል።

ሕክምና

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ሲጀመር ከአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ተሁለደሬ ነበር፤ የሐይቅ አካባቢ ሰው ደብተሩን ከሌላው ቀድሞ ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው። መድኅኑ የሚሠራው አባወራው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ከፍሎ ቤተሰቡ ሁሉ ሲታመም ሳይከፍል እንዲታከም ነው። መክፈል ለማይችል ቤተሰብ ደግሞ መዋጮውን ክልሉና ወረዳው ይሸፍኑለታል፤ ይህ ከሴፍቲኔት የተለየ ሌላ ዝርዝር ስለሆነ በአንዱ መገኘት በሌላው መገኘትን አያረጋግጥም፤ ሁለቱም በየራሳቸው ይጠየቁ። ደብተሩ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ያላሳደሰ ሰው በታመመ ቀን ሄዶ ልክፈል ቢል ተቀባይነት አያገኝም።

ከደብተሩ ጋር አብሮ የሚታወቅ ሌላም ነገር አለ። ሕክምናው የሚጀመረው ከጤና ጣቢያ ነው፤ ከዚያ ሪፈር ተጽፎ ወደ ሆስፒታል ይኬዳል፤ ሪፈር ሳይዝ በቀጥታ ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል የሄደ ሰው ደብተሩን ይዞም ሊከፍል ይችላል። የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የወሊድ፣ የክትባትና የቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት ግን መድኅን ላለውም ለሌለውም ነፃ ናቸው፤ ስለዚህ «ደብተር የለኝም» ብሎ ቤት የሚወልድ ወይም ሳሉን የሚታገሥ ሰው ካለ ይህ ይነገረው።

በዚህ ክፍል አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ እፈልጋለሁ። ማየት የተሳነውን አረጋዊ «ዓይነ ስውር» ብሎ በዝርዝር ከማስመዝገብ በፊት ዓይኑ ይታይ። በወሎ ቆላና ደጋ በእርጅና ማየት ያቆሙ ብዙ ሰዎች ያሉባቸው የዓይን ሞራ ወይም በትራኮማ ሳቢያ የተቀለበሰ የዓይን ሽፋሽፍት ነው፤ የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና የሚመለስ፣ ሁለተኛውም ወደ ዓይነ ስውርነት ሳይደርስ በጤና ጣቢያ በአጭር ቀዶ ጥገና የሚስተካከል ነው። ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል፣ ቀድሞ በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀው፣ ዛሬም በዓይንና በቆዳ ሕክምና ይፈለጋል። ለሰው ሠራሽ እግርና ለተሽከርካሪ ወንበር ደግሞ በደሴ የአካል ተሐድሶ ማዕከል አለ፤ ከጦርነቱ ወዲህ ተጠቃሚው ስለበዛ ቀጠሮ አስቀድሞ መያዝ ይሻላል። በአእምሮ ሕመም የታሰረ ሰው ያለበት ቤት ሲያጋጥም ቤተሰቡን መውቀስ ጥቅም የለውም፤ ብዙውን ጊዜ ያሰሩት ገደል እንዳይገባባቸው ፈርተው ነው። ጠበሉም ዱዓውም እየቀጠለ መድኃኒቱም መወሰድ እንደሚችል፣ ክኒኑ በደሴ ሆስፒታል እንደሚታዘዝ አስረድቶ አብሮ መሄድ ነው የሚበጀው።

መሬትና ፍርድ ቤት

አረጋዊ ወይም መበለት መሬት ስላላት አትደገፍም የሚል ኮሚቴ ያጋጥማል። መልሱ ቀላል ነው፦ መሬት አላት እንጂ የሚያርስላት የላትም፤ እኩል የሚያርሰው ሰው ከምርቱ ስንት እንደሚሰጣት ይጠየቅ። እኩል የማረስ ውሉ በቃል ብቻ ከሆነ በምስክር ፊት በጽሑፍ እንዲሆንና በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገብ ማድረግ ይገባል። ከዚህ የከፋው ደግሞ «እኔ እጦራቸዋለሁ» ብሎ ቤት የገባ ሰው የይዞታ ደብተሩን በስሙ ካዞረ በኋላ አረጋዊውን የሚረሳበት ሁኔታ ነው። ስለዚህ አቅመ ደካማ ሰው መሬቱን ለጧሪ ለመስጠት ሲስማማ፣ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ የመጦር ግዴታው በውሉ ላይ በግልጽ ተጽፎ መሆን አለበት፤ ፊርማ ማስቀመጥ ያለበት ሰው ደግሞ የሚጽፈውን የሚያውቅ፣ ያልታመመና ያልተጣደፈ መሆኑ ይታይ።

ልጅ ወላጆቹን የመቀለብ ግዴታ ስላለበት፣ አቅም እያለው የረሳ ልጅ ካለ በመጀመሪያ በአባጋሮች፣ ማለትም በወሎ ባህላዊ አስታራቂዎች፣ ወይም በሽማግሌ ይጠየቅ፤ እንቢ ካለ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ለዳኝነት የሚከፈል የሌለው ሰው በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 467 መሠረት በደሃ ደንብ ለመክሰስ ይችላል፤ ለዚህም የቀበሌ ማስረጃና ቃለ መሐላ ያስፈልጋል። ወላጅ የሞተበት ሕፃን ንብረት ካለው፣ ሞግዚት በፍርድ ቤት እንዲሾምለት መጠየቅ አለበት፤ አጎት ነኝ ማለት ብቻ ንብረት ለማስተዳደር አይበቃም።

ሴት ልጅን ከችግር ለማውጣት ተብሎ የሚደረግ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 648 የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ 18 ዓመት ያልሞላት ልጅ ላገባ ሰው ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት፣ 13 ዓመት ላልሞላት ደግሞ እስከ ሰባት ዓመት እስራት ነው። ይህን ለወላጆች ከማስፈራራት ይልቅ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህርና ለወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ቀድሞ ማሳወቅ ሠርጉን የሚያስቀር መንገድ ነው። ጥሎሽ ከተሰጠና ድግስ ከተደገሰ በኋላ ግን ማስቀረት እጅግ ይከብዳል።

መልሱ «የለም» ሲሆን

የቃል መልስ አይቀበሉ። «ኮታ አልቋል»፣ «ዘንድሮ አይሆንም» የሚል መልስ ሲሰጥ፣ ጥያቄው በጽሑፍ ቀርቦ በመዝገብ ቤት ቁጥር እንዲያገኝ ማድረግና አንድ ቅጂ ይዞ መቅረት ያስፈልጋል። የሴፍቲኔት አቤቱታ በቀበሌው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ይታያል፤ ይህ ኮሚቴ ዝርዝሩን ካዘጋጀው የተለየ መሆን አለበት፤ አንዱ ሰው በሁለቱም ውስጥ ካለ ያንኑ ራሱን በአቤቱታው ላይ መጥቀስ ይቻላል። መልስ ካልተሰጠ ወደ ወረዳው ይሄዳል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ የባለጉዳዩ ስም፣ ቀበሌ፣ ጎጥ፣ የቤተሰብ ብዛት፣ ሠራተኛ ያለመኖሩ፣ እህል የሚያልቅበት ወር፣ የቅሬው ምስክር፣ የተጠየቀው ድጋፍ ዓይነት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅና አሳዳጊ ለቀሩ ሕፃናት ድጋፍ የማድረግ ግዴታ እንዳለበት መደንገጉን መጥቀስ ደብዳቤውን አያጠናክረው ይሆናል፤ ምክንያቱም «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የሚለው ሐረግ መልሱን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ከዚያ ይልቅ ሁለት ሽማግሌ የፈረሙበት፣ እህል የሚያልቅበት ወር ስም ይበልጥ ያስኬዳል።

ስሙ ከገባ በኋላ ሥራው አያበቃም። የክፍያ ቀን ተጠይቆ ይያዝ፤ መሄድ የማይችል ሰው ካለ፣ የሚቀበልለት ሰው በሽማግሌዎች ፊት በስም ይወሰን፤ ይህ ሰው ዕዳ ያበደረው ነጋዴ ወይም መሬቱን እኩል የሚያርስለት ገበሬ መሆን የለበትም። ገንዘቡ ከባንክ በወጣ ዕለት ባለጉዳዩ እጅ ላይ ይቆጠር፤ ማየት ለተሳናቸው ሰው ብሩ በየዓይነቱ እየተለየ በጣታቸው እየተነካ ይቆጠርላቸው። መጠኑ ካለፈው ወር ያነሰ ከሆነ፣ በዚያኑ ቀን የልማት ሠራተኛውን ወይም ከፋዩን ባንክ ጠይቆ ምክንያቱን በደብተሩ ገጽ ላይ፣ ከመጀመሪያው ማስታወሻ ሥር፣ ከነቀኑ መጻፍ ነው።